የበሩ ጀርባ

«ደረቀ?» አለች እናቷ ቀና ሳትል።

«አልደረቀም።»

ውሸቷን ነው። በሩ ጀርባ ላይ የነበረውን ስንጥቅ ሰጋቱራና ኮላ ለውሳ ሞልታዋለች፤ ልውሱም ድንጋይ ከሆነ ቆይቷል። ጥፍሯን ብትሰካበት የሚሰበረው ጥፍሯ ነው። እሷ ግን እርጥብ ነገር የነካች ይመስል እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ይኼ ልውስ ባሕር ውስጥ ነው እንዴ ያለው» አለች እናቷ፤ ብሩሿን አራግፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የጥገና ክፍሉ ከመድረኩ ሥር ነው። መስኮት የለውም። ጣሪያው የተዋናዮቹ ወለል ስለሆነ ላይ ሰው በተራመደ ቁጥር አቧራ ይረግፋል። የእናቷ ሥራ የቆሸሸውን የቴአትር ዕቃ ማጽዳት፣ የተሰበረውን መጠገን ነው። ዛሬ ፊቷ ያለው የጄሶ ዳቦ ነው፤ አይጥ እውነት መስሏት ነክሳው፣ የጥርሷን ምልክት ትታበት ሄዳለች። ከጎኑ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ጠርቶ የማያውቅ ስልክና ሳሙና ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፉ የፕላስቲክ አበቦች አሉ። ምንም ነገር ይምጣላት፣ ገልበጥ አድርጋ ታየውና «ይጠገናል» ትላለች። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ «ይኼስ ይጣል» ብሎ አሮጌ ፋኖስ ቢያሳያት ከእጁ ነጥቃው ሄደች። ከጥቂት ቀን በኋላ አብርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ምንም አላለችውም፤ አስቀምጣ ወጣች።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የምትመጣው ወደዚህ ነው። ተዋናዮቹ «ሙጫ» ይሏታል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከዚህ ክፍል አትላቀቅም። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም ስሙ አልለቀቃትም።

የመድረክ በሩን የሠራው አባቷ ነው። ሌላ ከተማ ሕንፃ ሊሠራ እስኪሄድ ድረስ የቴአትር ቤቱ አናጺ ነበር። በሩ ከፊት ሲያዩት የትልቅ ሰው ቤት በር ይመስላል። ጀርባው ግን ቀለም ያልነካው ባዶ ጣውላ ነው፤ ተመልካች ስለማያየው ማንም አልደከመበትም። ያ ጀርባ የእሷ ነበር። የሚኖሩት ኪራይ ቤት ነው፤ አከራያቸው ደግሞ ግድግዳ ላይ ምስማር ሲመታ ከገበያ ድረስ ይሰማዋል። ስለዚህ አባቷ ቁመቷን የሚለካው እዚህ ነበር። ከበሩ ጀርባ አስደግፎ ያቆማትና «ተረከዝ መሬት» ይላታል። ጠፍጣፋውን የአናጺ እርሳስ ከጆሮው ላይ አውርዶ አናቷ ላይ ጋደም ያደርገዋል። ከዚያ ያሰመረውን በመሮ ጫፍ ጫር ያደርገዋል። ምልክቶቹ ከጉልበት ከፍ ብለው ይጀምሩና እንደ መሰላል ወደ ላይ ይሄዳሉ።

ከሁሉም በላይ፣ ከእሷ ምልክቶች ራቅ ብሎ፣ አንድ ጠለቅ ያለ ጭረት አለ። የአባቷ ትከሻ ነው። ራሱ ቆሞ፣ በእናቷ አስለክቶ የጫረው። «እዚህ ስትደርሺ» ብሏት ነበር፣ «እኔ ጎንበስ ሳልል፣ አንቺም ሳትንጠራሪ አንገቴ ሥር ትገቢያለሽ።»

ሲሄድም አስጠንቅቋታል። «ያለ እኔ እንዳትለኪ። ብቻሽን ስትሆኚ ተረከዝሽን ታነሻለሽ፤ አውቅሻለሁ።»

አልተለካችም። በሩም መጋዘን ገብቶ ከአሮጌ መጋረጃዎች ጋር ተከመረ። አባቷ ሲደውል ከሰላምታ በፊት የሚጠይቃት «የት ደረስሽ?» ብሎ ነው። «እየሄድኩ ነው» ትለዋለች እሷም።

አሁን አዲስ ቴአትር መጣና በሩ ከመጋዘን ወጣ። አዘጋጁ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት አለ። ወደ ውስጥ ሲከፈት ጀርባው ለተመልካች ይታያል። እናቷ ይህን ሰምታ ብርጭቆ ወረቀቱን አምጥታ ልጇ እጅ ላይ አደረገችው። «ስንጥቁን ሙዪ። ሲደርቅ ሙሉውን ፍቂው፤ ጭረቶቹንም። ከዚያ ለቀለም ቀቢው እንሰጠዋለን።» «ጭረቶቹንም» ስትል ድምጿ አልተለወጠም።

አባቷ ቴአትሩ ሲከፈት እንደሚመጣ ነግሯቸዋል። ሐሙስ እገባለሁ ብሏል። ስለዚህ ልውሱ እስከ ሐሙስ መድረቅ የለበትም።

ደረጃው ተንቋቋና «ንጉሡ» ወረደ። ዕድሜውን ሙሉ ሲተውን የኖረው ንጉሥ ሆኖ ነው፤ ዘውዱን የምትጠግንለትም እናቷ ናት። በአዲሱ ቴአትር ግን አከራይ ነው።

«ሙጫ፣ በሬስ?» አለ። «እስከ መቼ በአፌ ኳ ኳ እያልኩ፣ አየር እየገፋሁ ልግባ? ዛሬ ረስቼ በግድግዳው በኩል ገባሁ።»

«አከራይን በየት ገባህ ብሎ ማን ይጠይቀዋል» አለች እናቷ።

«ሳቂብኝ እሺ። ስንት አገር እንዳልገዛሁ፣ አሁን ወደ አከራይ ወረድኩ።»

«ወረድክ ወይስ ወጣህ?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ንጉሡም ሳቀ፤ ከዚያ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሙኝማ፣ አሁን ቀልድ አይደለም። አዘጋጁ ተናዷል። በሩ ነገ ጠዋት ቀለም ቀቢው እጅ ካልገባ በመጋረጃ እተካዋለሁ ብሏል። ጣውላውን ደግሞ ቆርጠን ደረጃ እንሥራበት እያለ ነው።»

«ማንን ነው የሚቆርጠው?» አለች እናቷ፤ ዳቦውን አስቀመጠች።

«እኔን አትቆጪኝ፣ እመቤቴ። እኔ ተራ አከራይ ነኝ።»

ልጅቷ በሩን አየችው። ነገ ገና ረቡዕ ነው። ደረጃ ሆኖ፣ ያ ሁሉ ተዋናይ በጫማው ሲረግጠው ታያት።

ያን ጊዜ የእናቷ ስልክ ጠራ። እናቷ እጇ ጄሶ ስለነበር በአገጯ አመለከተቻት። አባቷ ነው።

«የት ደረስሽ?» አለ።

«አንተስ የት ደረስክ?»

ከኋላው መዶሻ ይሰማል፤ ሰው ሰውን ይጣራል። መንገድ ላይ ያለ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«የኔ እናት፣ ሥራው አላለቀም እኮ። ጣሪያው ቀረ።»

«ጣሪያው ቀረ?»

«ጣሪያው ብቻ ነው የቀረው።»

«ቀረ» የሚለውን ቃል አትወደውም። እናቷ ማታ ማታ ክፍሉን ከመዝጋታቸው በፊት «ምን ቀረ?» ትላታለች፤ ያኔ ገና የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። ከአባቷ አፍ ሲወጣ ግን የቀረው ጣሪያው አይደለም፤ እሱ ነው።

«ትከሻዬን ግን አለፍሽው?» አለ፣ ሊያስቃት ፈልጎ።

«ትከሻህ የት ጋ እንደነበረ ረሳሁት።»

አልረሳችም። ዓይኗ እዚያው ላይ ነው። አባቷ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመ። «ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ» አለ። እሷም «እሺ» አለችው።

ስልኩን ስታስቀምጥ ንጉሡ የሌለውን ጺሙን አሻሸ። «እኔ… ግድግዳውን ልለማመድ» ብሎ ደረጃውን ወጣ።

እናቷ ምን አለ ብላ አልጠየቀችም። እጇን ታጥባ መጣችና ልውሱን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው።

«ደርቋል።»

«አዎ።»

«ከመቼ?»

«ከትናንት ጠዋት።»

«ከእሑድ ማታ» አለች እናቷ።

ልጅቷ ቀና አለች። «ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እናቷ በሩን በሽርጧ ጫፍ ጠረገችው፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም። «እኔም ሐሙስን እየጠበቅኩ ነበራ» አለች።

ላይ የሰው እግር ሄደ፣ ተመለሰ። አቧራ መሀላቸው ረገፈ። ልጅቷ ብርጭቆ ወረቀቱን አንስታ ለሁለት አጠፈችው፤ እንደገና ዘረጋችው፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ጫማዋን አወለቀች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«ለኪኝ።»

እናቷ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር፣ ከዛጉ ምስማሮች መሀል፣ ያን ጠፍጣፋ እርሳስ ፈልጋ አወጣች። ጫፉን በቢላ ሳለችው። ከእናቷ አፍ ሰምታው የማታውቀውን ቃል ልጅቷ ያኔ ሰማች።

«ተረከዝ መሬት።»

እርሳሱ አናቷ ላይ ተጋደመ። ከብዶ ተሰማት። ዞር ብላ ለማየት አልቸኮለችም። እናቷ ወደ ኋላ ፈቀቅ ስትል ሰማች።

«አለፍሽው» አለች እናቷ።

በሁለት ጣት። አዲሱ መስመር ከትከሻው ጭረት በሁለት ጣት ከፍ ብሎ ተሰምሯል። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አስባው ነበር፤ እሱ «አጭበረበርሽ፣ ይደገም» ሲል፣ እሷ ስትምል። አሁን አልፋዋለች፤ መቼ እንዳለፈችው ግን ማንም አላየም። በሆነ ተራ ቀን ነው፤ ፈተና ላይ ተቀምጣ ሳለ ይሆናል፣ ወይም ተኝታ።

ከጭረቱ ሥር፣ ደረቱ ሊሆን በሚችልበት ቦታ፣ ግንባሯን አስደገፈች። አልተንጠራራችም። ልክ እንዳለው ነው። ጣውላው ግን ኮላ ኮላ ይሸታል፤ ደግሞም ይቀዘቅዛል።

እናቷ አልነካቻትም። «ጠርዙ አለ» አለች። «ማጠፊያው በሚመታበት በኩል። በሩ ሲሰቀል ማንም አያየውም። ያንቺን እዚያ እንጫረው። የሱንም ወደዚያው እናዛውረው?»

ልጅቷ ይህንኑ ልትለምናት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አሰበቻቸው፤ የእሷ ገና አዲስ የተጫረ፣ የእሱ የድሮው። በሩ ተመልሶ መጋዘን ይገባል። እሷም ከሱ በላይ እየሄደች ትኖራለች። እሱ ባለበት ይቆማል።

«የኔን ብቻ» አለች።

«የሱስ?»

«ሲመጣ ራሱ ቆሞ ይለካ። ተረከዙን መሬት አድርጎ።»

እናቷ ረጅም ጊዜ አየቻት፤ የተሰበረ ዕቃ ገልበጥ አድርጋ እንደምታይ። ልጅቷ «ይጠገናል» እስክትላት ጠበቀች። አላለችም። «እሺ» ብቻ አለችና መሮውን አቀበለቻት።

የራሷን ጠርዙ ላይ ጫረችው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዛ ከታች ጀመረች፣ መቆም የለመደችበትን፣ ጥርሷ የወለቀበትን፣ ትምህርት ቤት የገባችበትን። ዱቄቱ ባዶ እግሯ ላይ ይወርዳል። አንዳንዱ ሁለቴ ስትፍቀው ይጠፋል። የትከሻው ጭረት ግን እንቢ አለ። ጠልቋል። ወረቀቱን ቀየረች፣ አሁንም እንቢ አለ። ሰጋቱራና ኮላ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ለወሰች፤ በጣቷ ጭረቱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሞላችው፤ በቢላ ደልድላ አስተካከለችው።

እናቷ የፕላስቲክ አበቦቹን አራግፋ ገመድ ላይ ሰቀለች። የዳቦው የአይጥ ጥርስ ምልክት ተደፍኗል። ሽርጧን እየፈታች እንደ ወትሮው ጠየቀች።

«ምን ቀረ?»

«አንዱ ብቻ። ሞልቼዋለሁ።»

«ደረቀ?»

«አልደረቀም።»

እናቷ መጥታ ጭረቱን ነካችው። ልውሱ ጣቷን ተከትሎ መጣ፤ እርጥብ ነበር። ጣቷን ሽርጧ ላይ ጠርጋ መብራቱን ልታጠፋ ሄደች።

ልጅቷ የእናቷ ጣት የነካውን ቦታ እንደገና አስተካከለችው።

«ጠዋት ይደርቃል» አለች፣ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ እያለች።