«አቤት» ያለው ማይክ

እኔ ስለ ጂን ስለ ምናምን ወሬ ሲጀመር ሻዬን ይዤ የምነሳ ሰው ነኝ፣ የሽቦ ሰው ነኝ እኮ፣ ድምፅ ከመጣ የመጣበት መንገድ አለው ብዬ ነው የማምነው፣ እና ይሄን ስነግርህ «ሙሄን ሙቀቱ ነካው» እንዳትለኝ ብቻ።

እዚህ ሳዑዲ፣ ሳብያ ውስጥ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ፣ ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ የሀበሻ ሠርግ ካለ ማይክና ስፒከር እዘረጋለሁ። ማይኬ ባለገመድ ነው፣ ገመድ አልባውን አልወደውም፣ ሲበላሽ ምኑ እንደተበላሸ አይታወቅም፣ ባለገመዱ ግን ወይ ጫፉ ነው ወይ ማብሪያው፣ ኸላስ።

አምና ሁሴን ጠራኝ። የወሎ ልጅ ነው፣ እዚያው ሳብያ ዳር ካለ መዝረዓ፣ እርሻ ላይ የሚሠራ። ታናሽ ወንድሙ ሰኢድ በየመን በኩል ሲመጣ ድንበሩ ላይ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ፣ ድምፁ የለ፣ መቃብሩ የለ። የዚያን ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ዱዓ ይደረጋል፣ ሰደቃው ይበላል፣ ከዚያ ሁሴን አገር ቤት ደውሎ ለእናቱ መርዶ ያስነግራል።

«እናቴ በር በሩን እያየች አለቀች ሙሄ፣ ቁርጧን ትወቅ» አለኝ። አንጀቴን በላው፣ ወላሂ።

መዝረዓው ውስጥ ካለ ማንጎ ሥር ስፒከሩን አቆምኩ፣ እንግዶቹ ገና አልመጡም፣ ሁሴን ምንጣፍ ያነጥፋል። አሁን የእኔን ጅልነት ስማ። ሠርግ ላይ ማይክ ስሞክር «አንድ፣ ሁለት» አልልም፣ የሙሽራውን ስም ነው የምጠራው፣ እሱም ከወዲያ «አቤት» ይላል፣ ሰው ይስቃል። ልማድ ክፉ ነው፣ አፌ ቀደመኝና «ሰኢድ!» አልኩ።

«አቤት» አለ ስፒከሩ።

ቀስ ብሎ፣ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው። ሁሴን ምንጣፉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ሬድዮ ስቦ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ፣ ደግሞም ይስባል፣ መጥፎ ገመድ የማይስበው የለም። ማብሪያውን አየሁ፣ ጠፍቷል። ለካ አላበራሁትም። ገመዱን በእጄ እየተከተልኩ እስከ ሚክሰሩ ሄድኩ፣ ጫፉ አሸዋ ላይ ወድቋል። አልሰካሁትም ነበር!

ሁሴን አጠገቤ መጥቶ፣ «ድገመው» አለኝ፣ «በአላህ ሙሄ፣ ስሙን አንዴ ድገመው፣ የሱ ድምፅ ነው።»

ፈራሁ። ቢመልስም ፈራሁ፣ ባይመልስም ፈራሁ። «ሽቦው ነው ስልህ! ያላ፣ ምንጣፍህን አንጥፍ» ብዬ ጮህኩበት፣ ገመዱን ሰካሁ፣ «አንድ፣ ሁለት» አልኩ፣ ጥርት አድርጎ ሠራ። እንግዶቹ መጡ፣ ዱዓው ተደረገ፣ ሁሴን ደወለ። የእናቱ ጩኸት ከስልኩ ወጥቶ ማንጎው ሥር ያለነው ሁሉ ሰማነው።

ሁሴን ዛሬም እየደወለ፣ «ሙሄ፣ ያን ቀን ሽቦው ነበር አይደል?» ይለኛል። «ሽቦው ነው» እለዋለሁ። ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። በኛ አገር ሰው ጠርተህ «አቤት» ካለህ፣ የጠራህበትን ትነግረዋለህ፣ «ና» ትለዋለህ፣ ቢያንስ «ደህና ነህ ወይ?» ትለዋለህ። እኔ ጠርቼው ዝም አልኩት።