ከበር ውጭ የተሰማ ፊልም

«ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን ልትመጣ ነው» አለ አባቷ፣ በጣቱ ላይ የቀረውን የሳንቡሳ ዘይት በሱሪው ጉልበት እየጠረገ።

ትንቢት አዛጋች። ከጠዋት ጀምሮ ካዩት ይህ ሦስተኛው ፊልም መሆኑ ነው። የመጀመሪያው አንድ ወፍራም ሰውዬ በየደረሰበት ፈሱን የሚለቅበት ነበር፤ ሌላ ታሪክ የለውም፤ ይገባል፣ ይለቃል፣ ይወጣል። ሁለተኛው የባሰበት ነው። ጎረምሶች በሻወር ቤት ቀዳዳ አጮልቀው ሴቶች ሲታጠቡ ያያሉ፤ ቀልዱ ይኸው ነው። እሱንስ አባቷ ራሱ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ይሄ እንኳ ይቅር» ብሎ አወጣው። ካሴቶቹ ሻግተዋል። ከካርቶኑ የሚወጣው ሽታ ጉሮሮዋ ላይ ተለጥፎ አልለቅ ብሏታል። በልጅነቷ አባቷ ቤት ውስጥ እነዚህን ፊልሞች ሲከፍት ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቅ እንደነበር ታስታውሳለች። ምኑ ነበር እንደዚያ ያሳቃት? እንጃላት።

ፊልሙ ውስጥ አንድ በር ተበረገደና ረጅም፣ ጥርሷ ወጣ ያለ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ክንዷ ላይ ጥቁር ነገር አንጠልጥላ፣ እየጮኸች ወጣች። ቀጭኑ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ገና ሲያያት በመስኮት ዘሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

አባቷ ባዶ ጭብጡን እንደ ማይክ ከአፉ አስጠጋ። «ኩልሱም መጣች፣ ሽሽ!» አለ። ከዚያ ድምፁን አቀጠነ። «አግባኝ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ምን ጎደለኝ? ሳንቡሳ እንደሆን በየቀኑ አበላሃለሁ።» ብሎም ብቻውን ተንከተከተ።

አባቷ ጋሽ ሽበሺ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ውስጥ ቪዲዮ ቤት በነበረው ዘመን፣ ሰው የሚገባው ለፊልሙ ሳይሆን ለእሱ ትርጉም ነበር። ካሴት ማጫወቻው ዴክ አጠገብ ማይክ ይዞ ይቀመጥና ተዋናዮቹ የሚሉትን በአማርኛ፣ ሲያሻው ኦሮምኛ ጣል እያደረገ ይተረጉማል። ተረጎመ ከተባለ ነው እንግዲህ። እንግሊዝኛ እንደማይችል ሁሉም ያውቃል። አፋቸው ሲንቀሳቀስ እያየ የመጣለትን ይላል፤ የሚያስቀውም እሱ ነው። ፊልሞቹ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ፣ አገራቸው ላይ እንኳ ማንም የማያስታውሳቸው ዓይነት ኮሜዲዎች ናቸው፤ ጅማ ላይ ዝነኛ ያደረጋቸው የእሱ አፍ ነው። ከሊሙ ገነት ለገበያ የመጣ ሰው እንኳ ሳያያቸው አይመለስም ነበር። በኋላ ሲዲ መጣ፣ ዲሽ መጣ፣ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ ጋሽ ሽበሺም የተበላሸ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሆኖ ቀረ።

ኩልሱም ደግሞ የፊልም ሰው አይደለችም። ያኔ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ፣ ዛሬ ደግሞ የእነትንቢት ትምህርት ቤት በር ላይ ሳንቡሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ረጅም ናት፣ ጥርሷም ትንሽ ወጣ ይላል፤ በቃ። አንድ ቀን ጋሽ ሽበሺ ስሟን እዚያ ፊልም ውስጥ ጣል አደረገው፤ ሰዉም አግዳሚ እስኪሰበር ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ኩልሱም ባለፈች ቁጥር ከአንዱ አጥር ሥር «ሽሽ!» የሚል አይጠፋም። ፊልሙን አይተውት የማያውቁ፣ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ይላሉ። ትንቢትም ብላለች።

«ሌላ ፊልም የለም፣ አባዬ?»

«ሌላ? መምህር አብነት እኮ ይሄኛውን ነው ያለው» አለ አባቷ፣ እንደተቀየመ ሕፃን።

መምህር አብነት እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ሚኒ ሚዲያውንም ይመራል። ልጅነቱን የጨረሰው በዚያ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ነው። ለወላጆች በዓል አንድ የድሮ ኮሜዲ፣ በተለይም ይሄኛው፣ በጋሽ ሽበሺ ትርጉም ይታይ፣ በዓሉ የተማሪዎች ስለሆነ ማይኩን ልጁ ትያዝ ያለውም እሱ ነው። አባቷ ይህን ከሰማ ወዲህ ኮቱን ላውንደሪ ሰጥቶ አስተኩሶታል። ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ ቁጭ አድርጎ የሚያወራው ስለዚሁ ነው።

ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ መምህር አብነት ፕሮግራሙን አስታወቀ። ገና የጋሽ ሽበሺን ስም ሲጠራ ከኋላ ሰልፍ አንዱ «ሽሽ!» አለና ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። መምህሩ ሊቆጣ ነው ብላ ስትጠብቅ ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ አብሯቸው ሳቀ። ጥርሱን ስታይ አስጠላት። እስከዚያ ቀን ድረስ በጣም የምትወደው መምህር ነበር።

ከፊቷ የቆመችው ሐጂራ ሻሿን አስተካከለች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። ሐጂራ የኩልሱም ልጅ ናት።

ትንቢት በእረፍት ሰዓት ከላይብረሪው ጀርባ አገኘቻት።

«የምታሳዩት እሱኑ ነው?» አለች ሐጂራ።

«መምህር አብነት ነው እኮ የመረጠው።»

«ማይኩን የምትይዢው ግን አንቺ ነሽ።»

«ሙድ ለመያዝ አይደለም እኮ፣ ሐጂ፣ የድሮ ነገር ስለሆነ...» ብላ ጀመረችና የራሷ ድምፅ ቀፈፋት። ሳትጨርሰው ተወችው።

ሐጂራ የተቆጣች አትመስልም ነበር። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «እናቴ ፊልሙን አይታው አታውቅም» አለች ረጋ ብላ። «ሳንቡሳውን ለማን ትታ ትገባለች? በር ላይ ተቀምጣ በውጭው ድምፅ ማጉያ፣ በሞንታርቦው ነው የሰማችው፤ የአባትሽን ድምፅና የሰውን ሳቅ። ትናንት ደግሞ የአባትሽ ደንበኞች ሊታይ ነው ሲሏት ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለሽ? ‹ያቺ ሴትዮ መጨረሻዋ ምን ይሆን?› አለችኝ። ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለችኝ። አንቺ አይተሽው የለ? ምን ልበላት?»

«አላስታውስም» አለች ትንቢት።

እውነቷን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስታየው ሴትየዋ ሮጣ ሮጣ የት እንደደረሰች አንድም ቀን ልብ ብላ አታውቅም።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን ሳታወልቅ ዴኩን ከፈተች። አባቷ ሱቅ ነበር። ካሴቱ እየተንገጫገጨ ገባ። ፊልሙን ያለ አባቷ ድምፅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው፤ እንግዳ ነገር ሆነባት። ወጥ ቤቷ በሩን በርግዳ ስትወጣ ጆሮዋን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጠፈች ማለት ይቻላል። ወደ ኋላ አጠነጠነች። ደግማ ሰማች። አሁንም አጠነጠነች።

የክፍሏ የእንግሊዝኛ ጎበዝ ናትና የሰማችውን አልተጠራጠረችም። ሴትየዋ «ጌታዬ፣ ካፖርትዎን ረስተዋል» ነበር የምትለው። ክንዷ ላይ የተንጠለጠለው ያ ጥቁር ነገር ካፖርት ነው። ውጭው በረዶ ነው፤ ሰውዬው በሸሚዙ ወጥቷል። እሷ ብርድ እንዳይገድለው ትሮጣለች፣ እሱ ደግሞ ወዳኝ ነው የምትከተለኝ ብሎ አጥር ይዘላል፣ የዶሮ ቤት ውስጥ ይደበቃል፣ ቦይ ውስጥ ይወድቃል። የሚሳቅበት እሱ ነው። የፊልሙ ሠሪዎች በሴትየዋ አልቀለዱም። መጨረሻ ላይ ባቡር ጣቢያ ትደርስበትና ካፖርቱን ትከሻው ላይ ትደርብለታለች፤ እሱ አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ እሷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ውስጥ የለችም።

ትንቢት ዴኩን አጠፋች። ጠረጴዛው ላይ አባቷ ያስተረፈው ሳንቡሳ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ነበር፤ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ወጥቷል። የኩልሱም ሳንቡሳ ነው። እንደ ልማዷ ልትገምጠው አነሳችው። መልሳ አስቀመጠችው፤ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ያም አልበቃ ብሏት ደግማ ታጠበች።

አባቷ ሳይመሽ መጣ። ኮቱን ከማንጠልጠያው አውርዶ ከመስተዋቱ ፊት ሲለካ አገኘችው።

«አባዬ፣ ሴትየዋ እኮ ካፖርቱን ልትሰጠው ነው የምትሮጠው።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ፊልሙ ላይ ያለችው። አግባኝ አላለችም።»

«እና ካፖርት ምኑ ያስቃል?» አለ፣ ወደ መስተዋቱ እንደዞረ። የምሩን ነው የጠየቃት።

«ለምን ኩልሱም አልካት?»

«እዚያው በር ላይ ነበረቻ።»

ትንቢት ሌላ ነገር እስኪጨምር ጠበቀች። አልጨመረም። «ተጣልታችሁ ነበር?» አለችው።

«ከኩልሱም ጋር? ኧረ በፍጹም። ይኸው እስከ ዛሬ በዱቤ ትሰጠኝ የለ እንዴ። ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ፣ ቀልድ እኮ ነው፤ እሷም ትስቅ ነበር።»

«ስትስቅ አይተሃታል?»

አባቷ የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ። ውስጥ ማይክ ይዞ የተቀመጠ ሰው በር ላይ ያለውን ከየት ያያል? ትንቢት የሆነ ጠብ፣ የሆነ ቂም፣ ብቻ አንድ ምክንያት ቢኖር ደስ ይላት ነበር። የለም። የሰው ስም ጭቃ ላይ የተጎተተው ባለስሟ ቅርብ ስለነበረች ነው፤ አለቀ። የምትወደው አባቷ ነው እንግዲህ ይሄ፣ ቴሌቪዥን ሲፈታ ብሎን በጥርሱ የሚይዘው፣ ትኩሳት ሲይዛት አልጋዋ አጠገብ የሚያድረው። ሊያቅፋት ሲጠጋ የሳንቡሳው ዘይት ሸተታትና ራቅ አለች።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ሰው የሚያውቀኝ ቴሌቪዥን ሠሪው ብሎ ነው። ሠሪው ቢሉኝም ደግ፣ አበላሺው የሚለኝ ይበዛል። ያኔ እኔ ሳልጀምር ፊልም አይጀመርም ነበር። ሰፈሩ ራሱ በእኔ ስም ‹እነሽበሺ ሰፈር› ይባል ነበር። የበዓሉ ቀን ሁሉም የሚጠብቀው ያቺን ቃል ነው። አንዴ ብቻ በይልኝ። እንደ እኔ አድርገሽ።»

ትንቢት ቦርሳዋን ይዛ ወደ መኝታዋ ሄደች። እራቷን ሳትበላ ተኛች።

የወላጆች በዓል ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቦታ ያጡት ውጭ ሆነው እንዲሰሙ መምህር አብነት አንዱን ሞንታርቦ ግቢው በር ላይ አሰቅሎታል። ትንቢት ስትገባ አየችው፤ ልክ ከኩልሱም የሳንቡሳ ሳህን በላይ ነበር የተንጠለጠለው። ኩልሱም ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ዝንብ እሽ እያለች ሳህኗን በጨርቅ ሸፈነች። ቦታ አልቀየረችም። በዓል ነው፤ ገበያው ያለው እዚያ ነው።

ሐጂራ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም።

አባቷ የፊት ወንበር ላይ፣ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ፣ ከርዕሰ መምህሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሰው እያለፈ ሲጨብጠው ከወንበሩ ብድግ እያለ ነው ሰላም የሚለው። ፊቱ አብርቷል። ትንቢት እንዲህ ሆኖ ካየችው ቆይቷል፤ ያ ነው የከበዳት።

ፊልሙ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች አባቷ እንዳስጠናት ተረጎመች፤ ሰው ሳቀ፤ አባቷ ወደ ኋላ እየዞረ የሚስቁትን አየ። ማይኩ በላብ ረጥቧል። በተናገረች ቁጥር ድምጿ ከግቢው በር፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ በመስኮት ዞሮ ይመለስላታል።

ከዚያ በሩ ተበረገደ። ወጥ ቤቷ ወጣች። ከኋላ ወንበር «ሽሽ!» ተባለ፣ ወዲያው የአዳራሹ ግማሽ ተቀበለው፣ ወላጆች ሳይቀሩ። መምህር አብነት በርቺ የሚል ምልክት ሰጣት። አባቷ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቃሉ ጠፍቷት እንደተቸገረች ልጅ ቆጥሯት፣ በከንፈሩ ያስታውሳታል፦ ኩልሱም መጣች።

ትንቢት ዓይኗን ከአባቷ ከንፈር ላይ አነሳች።

«ጌታዬ፣ ይቁሙ እንጂ» አለች። «ካፖርትዎን ረስተዋል።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ቀልዱ ገና የሚመጣ መስሏቸው። ሌላው ዝም አለ። «ኧረ ላሽ በይ፣ እሱን አይደለም» አለ አንዱ ጎረምሳ። ፉጨት ተሰማ። አባቷ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ቆይቶ አጎንብሶ ጫማውን ማየት ጀመረ። ትንቢት አልቅሽ አልቅሽ አላት፤ ግን ድምጿ ከበሩ ዞሮ እስኪመለስ ጠበቀችና ቀጠለች።

«ብርድ ነው፣ ጌታዬ። እንዳይታመሙብኝ ብዬ ነው።» ቀጥላም አባቷ ያላስጠናትን፣ ማንም ተርጓሚ የማያደርገውን ማድረግ ጀመረች። «ሰውዬው እየሸሸ ነው። አሁን የዶሮ ቤት ውስጥ ገባ። ሴትየዋ ካፖርቱን ታቅፋ እየፈለገችው ነው።»

«እያየን እኮ ነው» አለ አንዱ ከመሃል።

ታውቃለች፤ በር ላይ ያለችው ግን አታይም። ማይኩን ወደ አፏ ይበልጥ አስጠጋችው፤ ንግግሯን ቀስ አደረገችው።

«ባቡር ጣቢያ ደረሰችበት» አለች። «ካፖርቱን ትከሻው ላይ ደረበችለት። እሱ አፍሮ ቆሟል። እሷ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነው።»