እንትፍ በይበት

ይህ የምትሰሙት ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ሐሰት ቢገኝበት የፎገራ ኮርማ ይውጋኝ። የዘጠነኛ ክፍሏ ማስተዋል ባለ ጎማ ጫማ አድርጋ፣ የስድስት ዓመት ወንድሟን የኪዳንን እጅ ይዛ ስትንሸራተት፣ ወረታ ላይ ቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም። ውሻ እንኳ ቤት አልጠበቀም።

ቦታው የአቶ መንግሥቴ የሩዝ መፈልፈያ ግቢ ነው። በአጨዳ ሰሞን እርጥብ ሩዝ የሚሰጣበት ሰፊ የሲሚንቶ ሜዳ፣ የገና በዓል ሲቃረብ ይጠረግና የስኬቲንግ ሜዳ ይሆናል። አቶ መንግሥቴ ጫማውን በጆንያ ከጎንደር አስመጥቶ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያከራያል። ሜዳው ከመስፋቱ የተነሣ ጢም ሳያበቅል ከአንዱ ጫፍ የተነሣ ጎረምሳ ሌላው ጫፍ ሲደርስ ሸብቶ ይገኛል። በዚያ በጥምቀት ማግሥት ደግሞ ግፊያው ልዩ ነበር። ከሐሙሲት የመጣ አንድ ሰው ለሰላምታ እጁን ቢያነሣ፣ ማውረጃ ቦታ አጥቶ እንደ ሰቀለው ዋለ። ይህንንም ቀንሼ ነው።

እናታቸው አምሳል የልጆቿን ጫማ ታቅፋ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣለች። ለበዓሉ ከይፋግ የመጣው ታላቅ ወንድሟ ዓለምነው ግን፣ «ጎማ ለመኪና እንጂ ለሰው ልጅ አልተፈጠረም» ብሎ ከበሩ ወደ ጠላ ቤት ዞሯል።

በሜዳው ላይ እንደ ወፍ የምትበረው ጽጌሬዳ ነበረች። የሸክላ ሠሪዋ የአልጣሽ ልጅ ናት፤ ከማስተዋል ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። በአንድ እግሯ ስትሽከረከር ነፋሷ የሰው ነጠላ ይገፍፋል። በአጠገባቸው ስታልፍ ቆም አለችና የኪዳንን ጉንጭ ሳመች።

«ውይ ኪዳኔ! ሲያምርበት! ከእኔ በለጥህ እኮ!» አለችው። ከዚያ ወደ ማስተዋል ዞራ፣ «ሰዓቴ አልቋል፣ ጫማውን መልሼ ልምጣ» ብላ ወደ በሩ ሄደች።

እሷ ከሰው መካከል እንደ ጠፋች የክፍላቸው ወንዶች መጡ።

«ማስቴ! ሞግዚት ሆንሽ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ፋራ! እሷ የያዘችው መሰለህ?» አለ ሌላው። «እሱ ነው እንዳትወድቅ ደግፎ የያዛት!»

ሳቁ ከሙዚቃው በላይ ተሰማ። የማስተዋል ፊት ጋለ።

«ኪዳኔ፣ እዚህችው ቁም። አንድ ዙር ብቻ» አለችና እጁን ለቀቀች።

የሩዝ ማስጫ ተዳፋት መሆኑን የማያውቅ ወረታ ውስጥ አልተወለደም። ውኃው ተንሸራቶ ወደ ቦዩ እንዲወርድ ሆን ተብሎ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ነው የሚሠራው። ማስተዋልም ታውቃለች፤ ከአባቷ ጋር ስንት ጊዜ ሩዝ አስጥታበታለች። እዚያ ላይ ባለ ጎማ ጫማ ያደረገን ልጅ «ቁም» ቢሉት በምን ይቆማል?

ዙሩን ጨርሳ፣ ልጆቹ እያፏጩላት ዘወር ስትል ኪዳን የለም። ከሜዳው ግርጌ፣ ከቦዩ ውስጥ፣ ጩኸት ተሰማ። በዚያ ጩኸት የጣና ጉማሬዎች ደንግጠው ውኃ ውስጥ ገብተዋል።

አምሳል ደርሳ ልጇን ስታነሣው ግራ ክንዱ ተንጠልጥሏል። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ አልነበርሽም የያዝሽው? ምን አገኘብኝ?»

«ከእጄ… ከእጄ አመለጠኝ» አለች ማስተዋል።

«አመለጠኝ ትላለች እንዴ!» አለች ከአጥሩ ሥር የነበረች አንዲት ሴት። «ያቺ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ቅድም ጉንጩን ስትስመው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ‹ሲያምርበት› ስትል ነበር። ዓይን ነው እቴ! በላችው!»

አምሳል በነጠላዋ አፏን ያዘች። ማስተዋል «አይደለም» ልትል ነበር። ቃሉ ጥርሷ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

እናቷ ባጃጅ ልትጠራ ስትሮጥ፣ ማስተዋል ወደ ወንድሟ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ለቀቀችኝ እንዳትል፣ እሺ ኪዳኔ? ለማንም፣ ምንም እንዳትናገር። ማርያምን በል።»

«ማርያምን» አለ ኪዳን በእንባው መካከል።

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ሐኪሙ አጥንቱ የተሰነጠቀ ብቻ መሆኑን ነግሮ በጀሶ አሰረለት። ክንዱስ ክንድ ነው፣ ይድናል። ቤቱን ያስጨነቀው አንደበቱ ነበር። ኪዳን እኮ ሲያወራ ሬዲዮ አፍሮ የሚዘጋለት ልጅ ነው፤ ሰው ቢያጣ ለጥጃ ያወራል፣ ጥጃ ቢያጣ ለግድግዳ። አሁን ግን ውኃ ሲጠማው ብርጭቆውን በጣቱ ያሳያል። ሲጠሩት ቀና ብሎ ያያል፤ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ይዘጋል።

ማስተዋል ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ኪዳኔ፣ ሌላ ሌላውን መናገር ትችላለህ እኮ። ውኃ ስጡኝ፣ ራበኝ… እሱ ይቻላል።»

በእምቢታ ራሱን ወዘወዘ። ማርያምን ብሏላ! ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረባት። የያዘው መሐላው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ አኩርፏታል። እሷ የጠየቀችውን ዝምታ አሁን እሷ ራሷ ልታስለቅቀው አልቻለችም።

ዓለምነው ደግሞ ይፋግ መመለሱን ረስቶ ታማሚ ሊጠይቅ ለሚመጣ ሁሉ ይተርካል። መጀመሪያ ጽጌሬዳ ልጁን አየችው፣ ልጁም ወደቀ። በማግሥቱ ሲተርከው ደግሞ፣ ስታየው ልጁ ከመሬት ወደ ላይ ተነሣ። እሑድ ሲሆን ኪዳን የወደቀው ከመፈልፈያው ጣሪያ በላይ በርሮ ነበር። ወሬው ከባጃጅ ፈጥኖ ከተማውን ዞረ።

ትምህርት ቤት ጽጌሬዳ ዴስኩ ላይ ብቻዋን ነበረች። ከፊቷ የሚቀመጡት ልጆች ዴስካቸውን ወደ ፊት ስበዋል። ማስተዋል መጥታ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ግን በመካከላቸው አኖረች።

«ኪዳን ተሻለው?»

«ደህና ነው።»

«ልጠይቀው ልምጣ?»

«አይ… ተኝቶ ነው የሚውለው።»

ጽጌሬዳ ቦርሳውን አየችው። «ምን እንደሚሉኝ ሰምተሻል አይደል? አንቺ ነበርሽ አጠገቡ። ምን ሆኖ ነው የወደቀው?»

«እኔ እንጃ» አለች ማስተዋል፤ ደብተሯን ገለጠች። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የገለጠችው የሒሳብ ደብተር ነበር።

ከትምህርት ስትመለስ ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ አገኘችው። «አባትሽ አልጣሽንና ልጇን ሊያመጣ ሄዷል» አለቻት እናቷ። «እንትፍ ትበልበት፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።»

ማስተዋል ጥግ ካለው መደብ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ በላ የተባለች መጥታ በታመመው ላይ እንትፍ ካለች ይለቀዋል ይባላል። እንትፍ ያለች ግን «አዎ፣ እኔ ነኝ» እንዳለች ይቆጠራል። ያ ስም አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ ዓባይ ሙሉ ውኃ ቢፈስበት አይታጠብም።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ፣ አቶ እንግዳው፣ አልጣሽንና ጽጌሬዳን አስከትሎ ደረሰ። አልጣሽ ከደጃፉ ሳታልፍ ቆመች።

«አያ እንግዳው» አለች፣ «በእኔ እንስራ ውኃ ስትጠጣ ስንት ዘመንህ ነው? ከእጄ ምን ክፉ አገኘህ? ልጄ ዛሬ እንትፍ ካለች ነገ ማን አጠገቧ ይቀመጣል? ማን ያገባታል?»

እንግዳው መሬት መሬት አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁ ዝም ያለበት አባት ነበር። «ከአንቺ ጋር ጥል የለኝም፣ አልጣሽ። ልጄ ‹አባዬ› ይበለኝ እንጂ ሌላ ምን እሻለሁ? እንትፍ ትበልበትና ይብቃ።»

«እምቢ ካልሁስ?» አለች ጽጌሬዳ።

«እሰይ!» ብሎ ተነሣ ዓለምነው። «ሰማችሁ? ንጹሕ ብትሆን እንትፍ ማለት ምን ያስፈራታል? እምቢታዋ ራሱ ምስክር ነው!»

አምሳል ኪዳንን እንደ ታቀፈች ወደ ፊት ተሳበች። «ልጄ ጽጌሬዳ፣ እግርሽን ልሳም። አንድ ጊዜ ብቻ እንትፍ በይበት።»

ጽጌሬዳ አንዲት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ለመትፋትም ምራቅ ያላት አትመስልም። ኪዳን አያት። ከዚያ ወደ እኅቱ አየ፤ ወድቆ በተነሣበት ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰም፤ ድምፅ የሌለው ልቅሶ።

ዓለምነው ነገሩን ገና ላልሰማ ጎረቤት ሊተርክ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ከልጁ አጠገብ ቆሜ በዚህች ዓይኔ አይቻለሁ! ይህቺ ልጅ ከሜዳው ማዶ ሆና ዞር ስትል ዓይኗ እንደ መኪና መብራት ቦግ አለ። ልጁ ከእኅቱ እጅ ተነጥቆ ወደ ሰማይ! ማስተዋል ምስኪን በሁለት እጇ ትጎትተዋለች፣ ጣቶቿ ሊበጠሱ ደረሱ፣ እንዴት ታስቀረው? አንበሳ ናት እሷስ! አይደል ማስተዋል? እስቲ ንገሪያቸው!»

ቤቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «አዎ» ማለት አንዲት ቃል ናት። ዝም ማለት ደግሞ ከዚያም ይቀልል ነበር፤ በዚያ ትረካ ውስጥ እሷ ጀግና ናት። እናቷ በኩራት እያየቻት ነው።

ማስተዋል ከመደቡ ወረደች። በጎረቤቶቹ ጉልበት መካከል ተሹለክልካ አልፋ፣ ደጃፉ ላይ፣ ከጽጌሬዳ ጎን ቆመች።

«አጎቴ፣ እርስዎ እዚያ አልነበሩም» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጽጌሬዳም አልነበረችም፤ ጫማዋን ልትመልስ ሄዳ ነበር። እጁን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። እንዳይናገር ያስማልሁትም እኔ ነኝ።»