ቀይና ነጭ የተቀባው ጠርዝ

«ዛሬም እዚሁ ልቀመጥ?» አሉ እማማ ይርገዱ።

የጠየቁት ልጃቸውን አለምነህን ነበር። እሱ ግን አንድ እግሩን ከመኪናው አውጥቷልና አልሰማቸውም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። መኪናውን ያቆመው እስራኤል አገር፣ ገዴራ ከተማ ውስጥ፣ ከቅመም ነጋዴዋ ከፈንቴ ሱቅ ፊት ለፊት፣ የመንገዱ ጠርዝ ቀይና ነጭ በተቀባበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ማቆም ክልክል መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። እሱም ያውቃል። ለዚህ ነው አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ እናቱን ከፊት ወንበር ላይ የሚተዋቸው። ሰው የተቀመጠበት መኪና ላይ ተቆጣጣሪ ቶሎ ቅጣት አይጽፍም ባይ ነው።

«ተቆጣጣሪዋ ከመጣች በዕብራይስጥ ‹ሬጋ፣ ሬጋ›፣ ትንሽ ቆዪ በያት፤ እስክንመለስ ትታገሥሻለች» አላቸው። «ያላ፣ ነይ ማዕያን፣ ከረጢቱን ያዢ።»

ማዕያን ከኋላ ወንበር ወረደች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቂርያት ማላኺ ከተማ ከአጎቷ ከአለምነህና ከአያቷ ከእማማ ይርገዱ ጋር ትኖራለች። ዓርብ በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። ከረጢቱን አንሥታ ተከተለችው።

መኪናው ከመገዛቱ በፊት እሷና አያቷ በአውቶቡስ ነበር የሚመጡት። እማማ ይርገዱ ፌርማታው ላይ የማያውቁትን ሰው ሳይቀር የእናቱን ጤና ይጠይቃሉ። ፈንቴ ሱቅ ሲደርሱ የጤፉን ዱቄት በጣታቸው ያሻሉ፣ ኮረሪማውን ፈልቅቀው ያሸታሉ፣ «ይሄ የአምናው ነው፤ አፍንጫ ለሌለው ሽጪው» ብለው ፈንቴን ያስቃሉ። ተከራክረው፣ መርጠው፣ ከሰው ተጫውተው ነው የሚመለሱት። ፊደል ባይቆጥሩም ገበያ የሚመራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከዚያ አለምነህ ቤኤር ቱቪያ ባለ መጋዘን ውስጥ ወገቡ እስኪቆረጥ ሠርቶ መኪና ገዛ። ገዛ፣ ይግዛ፤ ማን ከለከለው? ግን ከዚያ ወዲህ እማማ ይርገዱ ገበያ ሄዱ ይባላል እንጂ ገበያ አይገቡም። በመስታወት የሰው ጀርባ ሲያዩ ቆይተው ይመለሳሉ።

ሱቁ ውስጥ ፈንቴ ከሚዛኑ ቀና ብላ፣ «ይርገዱ የት አለች? አመማት እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

«ደህና ናት። ደክሟት ነው፤ አልወርድም አለች» አለ አለምነህ ሽሮውን እየመረጠ። ሽሮ ስለመምረጥ የሚያውቀው ነገር የለም።

ማዕያን አጎቷን ቀና ብላ አየችው። አያቷ አልወርድም አላሉም። እነሱ ቤት ግን ልጅ ትልቅ ሰውን በሰው ፊት ዋሸህ አይልም። ከረጢቱን ጨብጣ ወደ በሩ ዞረች።

ያን ጊዜ ነው የጡሩምባው ጩኸት የተሰማው። ሲወጡ አንድ የጭነት መኪና ማለፊያ አጥቶ ከኋላ ቆሟል፤ ሾፌሩ ወርዶ የአለምነህን መኪና ኮፈን በመዳፉ እየደበደበ በዕብራይስጥ ይጮሃል። መንዳት ካልቻልሽ ምን ያስቀምጥሻል ነው የሚለው። እማማ ይርገዱ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው «ሬጋ፣ ሬጋ» ይላሉ። ሰፈር የሚያንቀጠቅጠው ድምፃቸው እንዲህ መቅጠን እንደሚችል ማዕያን አታውቅም ነበር። ሰው ቆሞ ያያል።

አለምነህ እጁን ለይቅርታ አንሥቶ ቶሎ ገባና ነዳ። መንገዱን ታጥፈው ሲያበቁ ሳቀ።

«ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ አልተቀጣንም። እናቴ ጎበዝ ዘበኛ ናት» አለ። እንዲያውም በሚቀጥለው ዓርብ ወደ ያቭነ ከተማ እንደሚሄዱ፣ እዚያ ያለው ትልቅ ገበያ ሰፊ ማቆሚያ እንዳለው ማውራት ጀመረ።

«ጋሼ» አለች ማዕያን ከኋላ። «አያቴ አልወርድም አላለችም። አልጠየቅካትም።»

አለምነህ በመስታወቱ አያት። «እኔ መኪና የገዛሁት ለማን ነው? የሰው እናት አውቶቡስ ላይ ብረት ይዛ ስትንገላታ የኔ እናት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ትሄዳለች። ይሄ ነው ጥፋቴ?»

«ወንበሩስ ደግ ነው» አሉ እማማ ይርገዱ፣ ከመንገዱ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «ሰውየው ግን እንደ ውሻ ነው ያባረረኝ። አንተም ሳቅህ።»

አለምነህ ዓይኑን ከመስታወቱ አንሥቶ ወደ ቂርያት ማላኺ ነዳ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት ማዕያን የአያቷን ጫማ አውጥታ በር ላይ አስቀመጠች። አለምነህ ቁልፉን ይዞ ሲወጣ እማማ ይርገዱ ጫማቸውን እያሰሩ አገኛቸው። በአውቶቡስ እንደሚሄዱ ሲሰማ ቤቱን በንዴት ተመላለሰበት። ሰው ምን ይላል፣ መኪናውን ሸጠ አይሉም ወይ፣ አለ። በመጨረሻ ግን የእውነት የሚፈራው ነገር ወጣ።

«ሳትቀመጪ አውቶቡሱ ይነሣል። ትወድቂያለሽ። ይቺ ልጅ ናት የምትይዝሽ? ከሾፌር ጋር መነጋገር ቀርቶ ከአስተማሪዋ ጋር እንኳ አፏን አትከፍትም።»

 እውነቱን እንደሆነ ማዕያን ታውቃለች።

እማማ ይርገዱ ግን ተነሡ። ሄደው የሚመርጡት እሳቸው እንደሆኑ፣ ዱቄቱ ስለሚከብድ እሱ ከኋላ በመኪናው እንዲመጣ ነገሩት። መኪናውንም ከተፈቀደው ማቆሚያ አቁሞ ፈንቴ ሱቅ ድረስ በእግሩ እንዲመጣ አዘዙት።

«ማቆሚያው እኮ ሩቅ ነው» አለ አለምነህ።

«ትከሻህ ምን ሆነ?» አሉት።

አውቶቡሱ ሲመጣ እማማ ይርገዱ በፊተኛው በር ወጡ፤ ማዕያን ተከትላ የሁለቱንም ካርድ ማሽኑ ላይ አስነካች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ፤ አውቶቡሱም ወዲያው በድንገት ተነሣ። እማማ ይርገዱ ከወንበር ሳይደርሱ ተንገዳግደው አንዱን ብረት በሁለት እጃቸው ያዙ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ። የተቀመጡት ሰዎች ከስልካቸው ቀና ብለው አዩና ተመልሰው አቀረቀሩ።

ማዕያን አንድ እጇን አያቷ ክንድ ላይ አድርጋ ወደ ሾፌሩ ዞረች። ሾፌሩ በመስታወቱ አያት፤ ተቀመጪ ብሎ በእጁ አመለከተ። አልተቀመጠችም። በዕብራይስጥ፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ ተናገረችው።

«አያቴ ገና አልተቀመጠችም። አቁም። ስትቀመጥ እነግርሃለሁ።»