እግርህን አንሳ

ወሬው ወደ መንፈስና ወደ ጥላ ሲዞር ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ጓደኞቼን ጠይቁ፣ ለማንኛውም ድምፅ የላላ ብሎን ፈልጌ ካላገኘሁ እረፍት የለኝም። ለዚህኛው ብሎን ስፈልግ ግን ሁለት ክረምት አለፈኝ፣ እስካሁን አላገኘሁም።

ነገሩ የሆነው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እህቴ ቤዛ በተከራየቻት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው። ቤዛ የአርክቴክቸር ተመራቂ ነበረች፣ የመመረቂያ ሥራዋን ቪዲዮ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካላስገባች ዓመቱን ትደግማለች፣ ላፕቶፑ ደግሞ ቪዲዮውን አውጥቼ የምጨርሰው አስራ አንድ ተኩል ላይ ነው ይላል። ግማሽ ሰዓት! እኔ ከአዳማ በጠዋት የመጣሁት ለዚህች ግማሽ ሰዓት ነው። ማሽኑ ድሮ ጌም የምጫወትበት፣ አዳማ ሥራ ሳገኝ ለእሷ ትቼላት የሄድኩት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ ግን ፕሮሰሰሩ ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ የሚፈቅድ ዓይነት ነው፣ ኦቨርክሎክ የሚሉት ነገር።

"ካቃጠልከው አለቀልኝ" አለችኝ ቤዛ፣ ስዕሎቿን ልትሰቅል ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ።

"ሂጂ፣ እኔ እያለሁ አይነካም" አልኳት።

ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ናቸው፣ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ያረጁ ሾፌር። ግድግዳ ስላችሁ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ማዶ ሲያስነጥሱ እዚህ ይማርዎ እንላለን። አዳማ ሳልሄድ ከቤዛ ጋር እዚያ ቤት ስኖር የላፕቶፑን ፋን እንደ ሞተር ያዳምጡት ነበር፣ በዱላቸው ግድግዳውን አንዴ ከመቱ "ንዳ" ማለታቸው ነው፣ ሁለቴ ከመቱ "እግርህን አንሳ"፣ ከነዳጁ ላይ ማለት ነው። መንገድ ላይ ሲያገኙኝም "አንተ ልጅ፣ ላፕቶፑስ ላፕቶፕ ነው፣ አንተ ራስህ እኮ እግርህን አታነሳም" ይሉኝ ነበር፣ እውነታቸውን ነው፣ እኔ ቁርሴን እንኳ ቆሜ ነው የምበላው።

ሥራዬን በወጉ ነው የጀመርኩት። ከፍቼ አቧራውን አጸዳሁ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ፔስት፣ ሙቀት የሚያስወጣለትን ቅባት፣ ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ አየር እንዲገባው ከኋላ ሁለት ቆርኪ አስደግፌ አነሳሁት፣ ቮልቴጁን ጨርሶ አልነካሁም። ከዚያ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ከፍ፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ሙቀቱን ማየት፣ ከዘጠና በታች ከሆነ እንደገና አንድ ደረጃ። የመጀመሪያውን ከፍ እንዳደረግኩ ከማዶ አንዴ፣ ጧ።

ደስ አለኝ። "ጋሽ ተሰማ፣ እንደምን ዋሉ!" ብዬ ጮህኩ፣ መልስ የለም፣ ዝናቡ ነው አልኩ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ አንዴ፣ ሦስተኛው ላይም አንዴ፣ ከዚያ ዱላው ሲሚንቶ ላይ እየተጎተተ ሄዶ ግድግዳው ጥግ ሲቆም ሰማሁት፣ እመኑኝ፣ ሲቆም ሁሉ ይሰማል። ላፕቶፑ አሁን አስራ አንድ ሰዓት ከአምስት ይላል። አምስት ደቂቃ ብቻ! መቀመጥ አቃተኝ፣ በአልጋውና በበሩ መሀል እየተመላለስኩ አራተኛውን ጨመርኩ።

ጧ፣ ጧ።

ሙቀቱን አየሁ፣ ሰማንያ ስምንት። ምንም አላለም። "ዛሬን ብቻ ይታገሱኝ፣ ጋሽ ተሰማ፣ የቤዛ ምርቃት ነው!" አልኩ። እንደገና ሁለቴ መቱ፣ ኮምፔንሳቶው ላይ የተሰቀለው የቤዛ መስታወት እስኪወዛወዝ። ተናደድኩ፣ ልሟገታቸው ወደ ግድግዳው ሄድኩ፣ ያኔ ነው ሽታው አፍንጫዬን የመታው። ለካ ቻርጀሩ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ስር ገብቷል፣ እኔ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ስቆጥር እሱን ማን ያየዋል፣ ስፖንጅ ፍራሹ ስሩ ቡናማ ሆኖ መቅለጥ ጀምሯል። ጥቂት ብቆይ ላፕቶፑም፣ ቤቱም፣ ከጎን ያሉት ቤቶችም የሉም። ቻርጀሩን መሬት አወረድኩት፣ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ቀነስኩ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከማዶ አንዴ፣ ቀስ ብሎ፣ ጧ።

ያለ ብርድ ልብስ ቻርጀሩም ቀዘቀዘ፣ ማሽኑም ሙሉ ኃይል ስላገኘ ራሱ ከገመተው በላይ ሮጠ፣ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቪዲዮው አለቀ። ቤዛ በዝናቡ ስትሮጥ መጣች፣ ፍላሹን ሰጠኋት፣ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ።

"እኔን ሳይሆን ጋሽ ተሰማን አመስግኚ" አልኳት።

"የቱን ጋሽ ተሰማን?" አለች፣ አንድ እግሯ ውጭ ነው። "ስትሮክ መቷቸው ልጃቸው አያት ሰፈር ቤቷ ከወሰደቻቸው ወር አለፋቸው እኮ። ቤቱም ባዶ ነው፣ ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ ቆርቆሮውን አንስተውታል።" የሚጠብቃት ታክሲ ጡሩምባ ነፋ፣ ሄደች።

የእሳቸው በር የሚከፈተው በጀርባ መንገድ ነው፣ ዞሬ ሄድኩ። ጣራ የለም። ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል፣ የዝናቡ ጠብታ ብቻ ይፈላበታል። ኮምፔንሳቶው ላይ በዱላ ቁመት የተቦረቦረ ምልክት አለ፣ እሱ ግን የድሮም ሊሆን ይችላል፣ የድሮ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፈራሁ፣ ምን ልዋሽ።

ለልጃቸው ለሳባ ደወልኩ። አባትሽ እንዴት ናቸው ስላት "ወይ ዛሬ!" አለች። "መናገር ካቆሙ ወር ሆናቸው፣ ዛሬ ግን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የአልጋውን ብረት ሲመቱ ዋሉ። አንዴ ይመታሉ፣ ዝም ይላሉ። መሀል ላይ ሁለቴ ሁለቴ እየመቱ ላብ በላብ ሆኑ፣ ውሃ ሰጠናቸው፣ አገላበጥናቸው፣ ምን እንደፈለጉ ማን ይንገረን። አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳቸው።"

እግዜር ይማራቸው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። 

ቤዛ ተመረቀች፣ እነዚያ ቤቶችም ፈረሱ። ላፕቶፑን አዳማ ወሰድኩት፣ ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው መልሼ ነው የምሠራበት። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የአልጋዬ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ከግድግዳው ማዶ አየር እንጂ ሰው የለም። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለተኛ ሥራ ደርቤ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት ሆኖኝ፣ እንደልማዴ ቆሜ ዳቦዬን ስጎርስ፣ ግድግዳው ከማዶ ሁለቴ ተመታ።

ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ፣ ዝግ ነበር።

ስልኬን አንስቼ የሳባን ቁጥር አወጣሁ፣ እስካሁን አልደወልኩም። ደውዬ "አባትሽ ሐሙስ ጠዋት አልጋውን መትተው ነበር?" ብላትና አዎ ብትለኝ፣ እስቲ ንገሩኝ፣ እግሬን የማነሳው ከምን ላይ ነው?