የማዶው በር

«አንቺን ወክሎ የሚናገርልሽ ማነው?»

ጠያቂው የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነበር። እሱም እንደሷ የበረራ አስተናጋጅ ነው፤ ባልደረቦቹ «ጠበቃው» ይሉታል። በሠራተኞች አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አዲሷ አስተናጋጅ «እናቴ» እንዳትል አፈረች።

ሥራቸው አንድ ደንብ አለው። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ሁለት አስተናጋጆች ግራና ቀኝ በራቸውን ለአደጋ ጊዜ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያ አንዱ ተሻግሮ የሌላውን ያያል። የራሱን አይቶ «ደህና ነው» ማለት ለማንም አልተፈቀደም። እሷ ግን የዚያን ዕለት ከጠበቃው ጋር ተመድባ ሳትሻገር «አይቻለሁ» አለች።

«የኔን በር በጀርባሽ ነው ያየሽው?» አላት ቀስ ብሎ።

«አምኜህ ነዋ።»

«ዛሬ ያወቅሽውን ሰው? ተይ እንጂ፣ እኔ እንኳ ራሴን አላምነውም።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተሻገረች።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀበቶ ታጠቁ። በዚያች ሰዓት ወሬ የለም፤ ሁሉም አደጋ ቢመጣ የሚያደርገውን በልቡ ይከልሳል። እሷ ግን የምትከልሰው የሱን ዓይን ነበር። ይህ ሰው ስለ ሁሉም ሲናገር ይውላል፤ ለራሱ የሚለው ነገር ይኖረው ይሆን? ነገሩ ከነከናት።

ብዙ አብረው ከበረሩ በኋላ አየር መንገዱ አዲስ የሥራ ስምምነት አቀረበ። እንደሷ ያሉ ጊዜያዊ ሠራተኞች ቋሚ ይሆናሉ፤ በምትኩ በበረራዎች መካከል ያለው ዕረፍት ለሁሉም ያጥራል። ጠበቃው ተቃወመ። «የደከመ እጅ በር ይስታል» አለ።

እናቷ ስትሰማ እንቅልፍ አጣች።

«ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።»

«አልጥልም፣ እማ።»

«ደግሞ ያ ልጅ ማነው? የሱ ወሬ ሲነሳ ምግብሽ ይቀዘቅዛል።»

በድምፅ መስጫው ቀን፣ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል፣ ለስምምነቱ እጇን አወጣች። እሱም አያት። ስምምነቱ አለፈ፤ ተወካይ ነውና ፈረመበት።

አጭሩ ዕረፍት ሥራ ላይ ከዋለ ከሳምንታት በኋላ እንደገና አብረው በረሩ። ቁጣውን ስትጠብቅ እሱ እንደወትሮው ተሻግሮ በሯን አየላት።

«ለምን አትቆጣኝም?»

«ድምፅሽ ያንቺ ነው። እኔ እጁን ላወጣውም ላላወጣውም ነው የምናገረው።»

«ለራስህስ?»

የበሩን እጀታ እንጂ እሷን አላየም።

«ለራሴ እንኳ፣ እወድሻለሁ። እንዲህ ዕረፍት አጥሮ መብረር ግን አልችልም። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። አብረን እንሂድ።»

እሺታው አፏ ላይ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት አንዲት ባልደረባዋ በድካም የማዶውን በር ሳታይ «አይቻለሁ» ብላ ከሥራ ታግዳ ነበር፤ ጠበቃው በረራ ላይ ስለነበር የሚናገርላትም አልተገኘም። አዲሷ አስተናጋጅ ራሷ አለቃቸው ቢሮ ገብታ «ዕረፍቷን ቆርጣችሁ እሷን ትቀጣላችሁ?» ብላ ተከራክራለች። ባልደረቦቿም ይህን ሰምተው በመጪው የማኅበሩ ምርጫ እንድትወክላቸው ለምነዋታል።

«እኔም እወድሃለሁ» አለችው። «ግን ያን ዕረፍት ያሳጠረው የኔም እጅ ነው። ሳላስመልሰው እንዴት እሄዳለሁ?»

በረራው ሲያልቅ እጇን ይዞ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት።

በወሩ መጨረሻ እሱ ሄደ። እሷ ቀረች።