የጥርሴ አስተርጓሚ

አፌን የከፈትኩት እኔ፣ ጥርሱ የእኔ፣ ሐኪሙ የሚያወራው ግን ከሐሴት ጋር ነው። ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም። የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጄን ይጠይቃታል፣ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ወንበሩ ላይ እንደተረሳ ጆንያ ተጋድሜያለሁ።

ክሊኒኩን ያገኘሁት እኮ እኔ ነኝ። ልጄ ርብቃ ስልኳን ስትነካካ ከረመችና አንድ ክሊኒክ ጊጊሪ የሚባል ሩቅ ሰፈር፣ አንድ ደግሞ መሃል ከተማ አገኘሁ አለችኝ። ሰው ኮከብ ሰጥቷቸዋል አሉ። ለአንድ ጥርስ ሁለት ማታቱ ታክሲ አልቀያይርም አልኳት። እዚሁ ሰፈራችን ሳውዝ ሲ ሁለት የጥርስ ሐኪም አለ፤ የሚሻለውን አጣራለሁ ስላት ሳቀች። «እማዬ፣ ሰሌዳውን እንኳን ማንበብ አትችዪም» አለች።

ጥርስ የሚያክመው ሰሌዳው ነው እንዴ? ከሁለቱ ክሊኒኮች ፊት ለፊት ሙዝ ከምትሸጥ ሴትዮ አጠገብ ሁለት ጠዋት ተቀመጥኩና የሚወጣውን ሰው አፍ አየሁ። ከዳቦ ቤቱ በላይ ካለው የሚወጡት ጉንጫቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ከፋርማሲው ጎን ካለው የሚወጡት ቆመው ያወራሉ፤ አንዱማ ሙዝ ገዝቶ እዚያው በላ። መረጥኩ።

የቀረኝ ቋንቋው ነው። የእኔ ስዋሂሊ ከገበያ አያልፍም። ርብቃ ሥራ ስለምትገባ ሐሴት አስተርጓሚ ሆና መጣች፣ የቅዳሜ የቅርጫት ኳስ ልምምዷን ትታ። መንገዱን ሙሉ ቶሎ እንጨርሳለን አይደል ስትለኝ ነበር።

ሐኪሙ ረጅም ነገር ተናገረ። የጥርሴን ፎቶ አሳያት፣ በብረት ነካ ነካ አደረገኝ፣ ከዚያ ሦስት ጣቱን አነሳ። ሐሴት ስልኳን አየት አድርጋ አንድ ነገር መለሰችለት።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ይነቀል ነው የሚለው። ዛሬውኑ።»

«ይኼ ሁሉ ወሬ ይቺን አከለች?»

«እማማ፣ ፕሊዝ። እንደዚያ ነው ያለው።»

ከታች በኩል የማኝክበት የቀረኝ ጥርስ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ አጥሚት እየጠጣሁ ልኖር ነው። ሐኪሙ መርፌውን ሲያነሳ አፌን ገጠምኩ። አገጬን ነካ አደረገኝ፤ ክፈቺ አለኝ በስዋሂሊ። ይህችን እንኳን አውቃታለሁ፣ ግን አልከፈትኩም። በእጄ ገፋ አድርጌው ወደ ልጅቱ ዞርኩ።

«ሦስቱ ጣት ምንድን ነው?»

ሐሴት የስልኳን ልባስ በጥፍሯ ፋቀች። ስልኩ ነዘረ። ጓደኞቿ ናቸው፣ የት ደረስሽ እያሏት። ሐኪሙ መርፌውን ይዞ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። ልጅቱ ስልኩን ሳታነሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሊድን ይችላል ብሏል» አለች። «ውስጡን አጽድቶ ይሞላዋል። ግን ሦስት ጊዜ መመላለስ አለብሽ፣ ሦስት ቅዳሜ። እኔ ካልመጣሁ የሚያስተረጉምልሽ የለም። ኮቻችን ደግሞ ከሦስት ልምምድ የቀረ ለውድድሩ አይሰለፍም ብሏል። ስለዚህ ይነቀልላት አልኩት።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።» ድምፅዋ ወረደ። «ሶሪ፣ እማማ።»

በጥፊ ብላት ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነት ለመናገር፣ ቅዳሜዋን ስንወስድባት እኔም እናቷም አልጠየቅናትም። ቀና ብዬ ተቀመጥኩና ሐኪሙ አንገቴ ላይ ያሰረልኝን ጨርቅ አስተካከልኩ።

«አሁን ንገሪው» አልኳት። «ጥርሱ አይነቀልም በይው። ቀጥለሽ ደግሞ ከቅዳሜ ሌላ፣ አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የሚሠራበት ቀን አለ ወይ ብለሽ ጠይቂው። ከዚያ የሚመልሰውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»